ባሕር ሽሽ፦ ሐይቁ ለስድስት ወር የሚለቀው አገር

በጣና ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከደራ ተነሥቶ በፎገራና በሊቦ ከምከም አልፎ እስከ ደምቢያ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ «ባሕር ሽሽ» የሚባል መሬት አለ። ክረምት ሲከብድ ሐይቁ ይተኛበታል። ዝናቡ ሲያባራ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ገበሬውም እግር በእግር እየተከተለ ይዘራበታል። በመስከረም ታንኳ ያለፈበት ቦታ በታኅሣሥ ጓያ ያብብበታል። ካርታ ላይ ጣና በአንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታጥሮ ይታያል። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን «ሐይቁ የት ያልቃል?» ቢሉት መልሶ የሚጠይቀው «በየትኛው ወር?» ብሎ ነው።

ስለ ጣና ሲጻፍ የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ ገዳማቱና የብራና መጻሕፍቱ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጩ ናቸው። ሁሉም ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ ብዙም የማይነሣው ነገር ነው፤ ሐይቁ በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚልባት፣ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የምትሆነው ልዩነት። የሩዙም፣ የሽንኩርቱም፣ የዓሣውም፣ የደንገሉም ኑሮ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። እሷን ሳያውቁ ስለ ዳርቻው ልማት ማቀድ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ መንሽ እንደማንሣት ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ጥልቅ ይመስለዋል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። በጥንት ጊዜ በባሕር ዳር በኩል የፈሰሰ እሳተ ገሞራ መውጫውን ስለገደበው የተጠራቀመ ነውና፣ ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ሰፍቶ የሳሳ ነው። ብዙ ጅረቶች ይገቡበታል፤ ነገር ግን ከወንዞች ከሚያገኘው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራቱ ናቸው፦ ከደቡብ ግልገል ዓባይ፣ ከምሥራቅ ጉማራና ርብ፣ ከሰሜን መገጭ። የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው። ሌላው ትልቅ ወጪ ፀሐይ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውኃ ከሐይቁ ፊት ተንኖ ይሄዳል።

ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል። ሐይቁ ዝቅተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው ሰኔ ላይ፣ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ዘጠኝ ወር ሙሉ ይወርዳል። ሜዳው በ1,000 ሜትር ርቀት ሁለት ሜትር ብቻ ዝቅ የሚልበትን ቦታ እናስብ፤ እዚያ ሐይቁ አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው 500 ሜትር ይሸሻል። ሐምሳ ሳንቲ ሜትር ውኃ ለከተማ ሰው ጉልበት የማይደርስ ነው። ለባሕር ሽሹ ገበሬ 250 ሜትር ማሳ ነው።

የዚህ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። ሲረጥብ እግር ይዞ አይለቅም፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ድሮ ክረምቱ ለዚህ መሬት የሰብል ጊዜ አልነበረም። ጤፉም፣ ሽምብራውም፣ ጓያውም የሚዘራው ውኃው ከሸሸ በኋላ በቀረው እርጥበት ነበር። ይህን የለወጠው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ በፎገራና በደራ የተሞከረው ሩዝ፣ «ኤክስ ጅግና» በተባለው ዝርያ ሥር ሰደደ። ውኃ የተኛበት፣ ማንም የማይመኘው መሬት በአንድ ጊዜ ዋጋ አወጣ። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚያ ነው።

የሩዙን ሥራ በቅርብ ላየው ሰው፣ የሚሳሳተው ነገር የት የት እንደሆነ ግልጽ ነው። ማሳው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል። ዙሪያው ውኃ እንዲይዝ በአፈር ይከተራል። ሰኔ ላይ ዘሩ ይበተናል። በእጅ ሲበተን በሄክታር ከ120 እስከ 150 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በመስመር ሲዘራ ግን ግማሹ ይበቃል። ታዲያ ገበሬው ለምን በመስመር አይዘራም? ስንፍና የሚመስለው ሰው ዋልካ ላይ ቆሞ አያውቅም። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መስመር ለማውጣት የሚተርፈው ቀን ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የሁሉም ጎረቤት ጉልበት በአንድ ሳምንት ይፈለጋል። የዘሩን ትርፍ የሚከፍለው ለጊዜ ነው። ዕዳው የሚመጣው በአረም ወቅት ነው። ተበትኖ የበቀለ ሩዝና ሣር ለጋ ሳሉ አይለዩም፤ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጣትም ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው አረም በበቀለ ከ25 እስከ 30 ባለው ቀን ካልተነቀለ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንን አያካክሱም። ጎንበስ ብሎ ውኃ ውስጥ ሲያርም የሚውለው ደግሞ በአብዛኛው የቤቱ ሴትና ልጅ ነው።

ማዳበሪያ ላይ የሚሠራው ስሕተት ቀላል ግን ውድ ነው። ዩሪያ ለሁለት ተከፍሎ መበተን አለበት፤ ሩዙ ሲቆጠቁጥ አንድ ጊዜ፣ ዛላ መቋጠር ሲጀምር ሌላ ጊዜ። ውኃ ጥልቅ ብሎ በቆመበት ማሳ ላይ ከተበተነ ግን ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ አየር ይበንናል። ክትሩን ከፍቶ ውኃውን ቀነስ ማድረግ፣ ዩሪያውን መበተን፣ ከዚያ መልሶ መዝጋት ነው መላው። ጎረቤት ማሳዎች በአንድ ክትር ስለሚያያዙ፣ የላይኛው ሰው ሲከፍት የታችኛው ሰው ማዳበሪያ እንዳይጠረግ መነጋገር ያስፈልጋል። ሌላው ብርድ ነው። ሩዝ የቆላ ተክል ነው፤ 1,800 ሜትር አካባቢ ለእሱ ደጋ ነው። የተዘራው ሐምሌን ካጋመሰ አበባው ከጥቅምት ማታ ብርድ ጋር ይገጥማል፣ ዛላውም ቀጥ ብሎ ይቀራል። የቆመ ዛላ ባዶ ነው፤ ፍሬ የያዘ ያጎነብሳል።

አጨዳው የሚጀመረው ከዛላው ከ80 እስከ 85 በመቶው ወርቃማ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው «ደህና ይድረቅልኝ» ብሎ ማሳ ላይ ያቆየዋል። ያኔ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ጤዛ እየተፈራረቁበት ፍሬው ውስጡን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው መፈልፈያው ላይ ነው፣ ፍሬው ተሰባብሮ ሲወጣ። በጣም እርጥብ ከሆነም ያው ነው፣ ይዳመጣል። ጥሩው እርጥበት 14 በመቶ ገደማ ነው። መለኪያ በሌለበት ጥርስ ይለካል፤ ሲነከስ «ቀጭ» ብሎ የሚሰበር ደርሷል፣ የሚለጠጥ አልደረሰም። ወረታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከመፈልፈያ ደጃፍ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦ «አባባ፣ ይኼ ገና ነው፤ ሁለት ፀሐይ ይጨምሩለት።» «ልጄ፣ አህያዋን ሁለት ጊዜ ከየት ላምጣ? እንዲሁ ፍጭልኝ።» ልጁ ይፈለፍልለታል፣ ሽማግሌውም የተሰበረ ሩዝ ይዘው ይመለሳሉ።

ከ100 ኪሎ ካልተፈለፈለ ሩዝ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ከተገኘ መልካም ነው። ቅርፊቱ ብቻ ወደ 20 ኪሎ ይሆናል። አውድማ ላይ በበሬ የተወቃ ሩዝ ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ ጠጠር ደግሞ የመፈልፈያውንም ሆድ፣ የሩዙንም ዋጋ ይበላል። አንድ ሸራ ማንጠፍ ብዙ ያድናል። ያልተሰበረው ነጭ ሩዝ ለሱቅ ይሄዳል፤ የተሰበረው በብዙ ቤት ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ነጭና ለዓይን ማራኪ ነው፣ ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። አንድ እጅ ሩዝ ለሁለት እጅ ጤፍ ያደረገች ጋጋሪ ችግር የለባትም። ጠላና አረቄም ይወጣለታል፤ ጭዱን ከብቱ ይበላዋል።

ሩዙ ገና ቆሞ ሳለ፣ ውኃው ከሥሩ ሲሳሳ፣ ጓያው በመካከሉ ይበተናል። አይታረስለትም፣ አይታረምለትም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። እርጥበቱን ይዞ በጥርና በየካቲት ይደርሳል። ድርቅም ጎርፍም ሌላውን ሲያጠፋ የሚተርፈው እሱ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊያያዝ ይችላል፣ ከተያዘም አይፈታም። አገሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል። በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። መጠንቀቂያው የታወቀ ነው፦ በብዙ ሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ዋና ምግብ አለማድረግ። ጓያውን መከልከል የሚያስቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ የባሕር ሽሽ መሬት ያለ ወጪ የሚሰጠው ሰብል ስለሆነ ሰው አይተወውም። መዘፍዘፉን እያንዳንዱ ቤት ማወቁ ይሻላል።

በጋ ላይ በጉማራና በርብ ግራ ቀኝ ሽንኩርት ይነግሣል። ችግኙ መደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆይና በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይተከላል። ውኃው በሞተር ይሳባል። ሽንኩርቱ ከመነቀሉ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ውኃ ማቋረጥ፣ ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሲወድቅ መንቀል፣ ከዚያ አንገቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ሳስቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው ደንቡ። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተክል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነቅላል። ገበያው ይሞላል፣ ደላላው ዋጋ ይሰብራል። ሌላው ደግሞ ዋጋ ሳይወድቅ ልቅደም ብሎ ከነእርጥበቱ ነቅሎ ይከምራል፣ ክምሩም ከውስጥ ይበሰብሳል። በየካቲትና በመጋቢት ሞተሩ ሲበዛ የወንዙ አልጋ ይታያል፤ የታችኛው ተፋሰስ ሰው ሽንኩርቱ ፍሬ ሲይዝ ውኃ ያጣል። ከሁሉም የምቆጭበት ማከማቻ አለመኖሩ ነው። ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከቀርከሃና ከሣር የሚሠራ ጎተራ በአንድ ቀበሌ ቢኖር ሁለት ወር ያስታግሳል። የገንዘብ ጥያቄ አይደለም፤ አብሮ የመሥራት ጥያቄ ነው።

የሩዙ ድል የከፈለው ዋጋም አለ። የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ፣ ውኃ የተኛበት ሜዳ የለመደ ዝርያ ነው፤ ክረምት ወደ ከፍታው ወጥቶ በጋ ወደ ሜዳው ይመለስ ነበር። ሜዳው ሲታረስ መመለሻ አጣ። ዛሬ ንጹሕ ዝርያው ተጠብቆ የሚገኘው ለባሕር ዳር ቅርብ በሆነው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው።

ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው። ጉማራና ርብ ከተራራው አፈር ይዘው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ስለሚያጡ ይጥሉታል። የወንዙ አልጋ በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ እየቆየ ወንዙ ከማሳው በላይ ይፈስሳል፣ የሚይዘው የአፈር ክትሩ ብቻ ይሆናል። ክትሩ አንድ ቦታ ሲበሳ ውኃው ወደ ወንዙ አይመለስም፣ ሜዳው ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ክትሩን ከፍ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፣ አልጋውንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል። መፍትሔው የሚጀምረው ጉና ተራራ ላይ ነው፣ በእርከንና በሣር።

ዓሣውም ያንኑ ወንዝ ይጠብቃል። ከጣና ዓሦች ቆሮሶና አምባዛ ሌላም ቦታ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ግን 15 የሚሆኑ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ፣ በጠጠር ላይ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የወር ያህል ይይዛል። የሚይዘው ግን ዕንቁላል ያዘለውን ነው። ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገባ በኋላ የነጭ ዓሣው ቁጥር ክፉኛ ወርዷል። በወንዝ ላይ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ መጨመርም አለ፤ ትልቁንም ጫጩቱንም ያንሳፍፋል፣ ለሰውም ለከብትም ውኃውን ያበላሻል። በእነዚያ ሦስት ወራት ወንዝ አፎቹን ብቻ መዝጋት፣ ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ ከመጠበቅ ይልቅ ርካሽም ውጤታማም ነው። ቆሮሶው ዳርቻ ላይ፣ በደንገሉ መካከል ይራባል፤ ደንገል የሌለበት ዳርቻ ቆሮሶም አይኖረውም።

ደንገልን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ሲሠሩ ደንገሉን ከውኃው ወለል አጠገብ ያጭዱታል፣ ሥሩን አይነኩም፤ ሥሩ ካለ በወራት ውስጥ መልሶ ይቆማል። ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ፣ አፍንጫው ወደ ላይ እየተቀለበሰ ይጠቀጠቃል። ታንኳ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ውኃው በመካከሉ ያልፋል፤ የሚያንሳፍፈው በግንዱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ዕቃ የሚቀመጥበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ከላይ ይደረብበታል። ሥራ ሲያበቃ ከውኃ ወጥቶ ቁሞ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ በየቀኑ የሚገባ ታንኳ እየከበደ፣ እየጠለቀ ይሄድና በሳምንታት ያረጃል፤ በደንብ የተያዘው ሁለት ሦስት ወር ይሠራል። ብዙዎቹ ወይጦዎች የእርሻ መሬት የላቸውም። ለዘመናት ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ሲገለሉ ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ የከተማው ዳርቻ ሲለማ ደንገሉም ማረፊያውም ያልቅባቸዋል። ይህ በግልጽ መነገር ያለበት በደል ነው።

ዘጌ ለብቻዋ ናት። ውኃ የሚሸሽበት ሜዳ የላትም፤ ከፍ ብላ ሐይቁ ውስጥ የገባች የደን ምድር ናት። የገዳማቱ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባትን ስለሚከለክል ደኑ ቆሟል፤ ከሥሩም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቅላል። ድካሟ ከለቀማ በኋላ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን አብሮ መልቀምና መሬት ላይ ማስጣት ቡናውን የአፈር ሽታ ያስይዘዋል። ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ፣ በቀን ደጋግሞ ተገላብጦ፣ ማታ ተሸፍኖ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቢደርቅ፣ ያው ዛፍ ሌላ ቡና ይሰጣል።

እምቦጭ የሚበረታው ባሕር ሽሽ ላይ ነው፤ ደለልና ማዳበሪያ የሚጠራቀምበት ውኃው የሳሳ ቦታ ነውና፣ ነፋሱም ወደዚያ ይገፋዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በእጅ ሲነቀል ቁራጩን መተው እንደመዝራት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ነቅሎ ዳርቻው ላይ ከምሮ መሄድ ነው፣ መስከረም ላይ ሐይቁ መጥቶ ይወስደዋል። ክምሩ የመስከረሙ ውኃ ከሚደርስበት መስመር በላይ መውጣት አለበት፤ ያን መስመር የሚያውቀው የቦታው ገበሬ ነው። ነቃዮቹም እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ያስፈልጋቸዋል፤ ቀንድ አውጣውና ብልሃርዝያው እዚያው ውኃ ውስጥ ናቸውና።

ከፍታውንና ዝቅታውን አሁን በከፊል የሚወስነው ሰው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ መቆጣጠሪያ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ይለቃል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከምዕራብ በኩል በዋሻ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ከልክ በላይ ሲወርድ መርከቦች ለወራት ቆሙ፣ የሐይቁ አልጋ ታረሰ፣ ደንገሉም ታጨደ። ዓመቱ ጥሩ ሲሆንና የመቆጣጠሪያው በር ሲዘጋ ደግሞ ውኃው ሳይሸሽ ይዘገያል፣ ጓያውም ወቅቱ ያልፍበታል። የባሕር ሽሽ ወሰን በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ለይዞታ ደብተር አይመችም፤ ጠቡም ከዚያ ይነሣል። የሐይቁ ከፍታ በየቀኑ ይለካል። ያ ቁጥር በጥቅምትና በኅዳር፣ በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት ከሚገልጽ ግምት ጋር፣ በየሳምንቱ በአማራ ሬዲዮ ቢነበብ፣ ገበሬው ጓያውን የት ድረስ እንደሚበትን፣ ሽንኩርቱን የት እንደሚጀምር ያውቃል። ወጪው የአንድ ደቂቃ አየር ሰዓት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ፣ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎች ዳርቻው ላይ ይሰለፋሉ። ጭነታቸው ሲራገፍ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ የሚሉት፤ ውኃ ጠጥተዋል። ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ሸጠው እስኪመለሱ ከቋጥኝና ከዛፍ ጋር አስደግፈው ያቆሟቸዋል፣ ከእያንዳንዱም ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።